በወንፈል የተሠራው የቤት ሥራ

ይድረስ ለወንድምዓለሜ ለይሄነው፤
ጅግጅጋ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? በክረምቱ ሲጠዘጥዝህ የነበረው ወገብህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ድንጋይ ባነሳህ ቁጥር ያስቃስትሃል? የዚያ አገር ነፋስስ ለመደህ? እኛ ፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ሁላችንም ደህና ነን። እናታችን ደህና ናት፤ ባለቤትህ እህተማርያም ደህና ናት፤ ልጅህ ፍቅርአዲስ ደህና ናት፤ ላሚቱ እንኳ ሳትቀር ደህና ናት፣ በጥር መግቢያ ወልዳለች። የጎደለን ያንተ ድምፅ ብቻ ነው። እሱም የጎደለን ባለፈው ወር ስልኩን ጆሮዬ ላይ ከዘጋህብኝ ወዲህ ነው።

እንግዲህ ከዚያው ልጀምር። «አክስቷ እያስተማረቻት ልጄ ዜሮ ታገኛለች? አንቺን አስተማሪ ያደረግንሽ ለዚህ ነው?» ብለኸኝ ነበር። ወሬውን ማን እንዳደረሰህ አላጣሁትም። እናታችን ስልክ ስትይዝ የነገሩን መጀመሪያ ትነግርህና መጨረሻውን ለሌላ ቀን ታሳድረዋለች። እኔ መጨረሻውን ልነግርህ ብሞክር ደግሞ ኔትወርኩ ከመሃል ይቆርጠዋል። ስለዚህ ጻፍኩልህ። የሥራ ጓደኛህ እንዳልካቸው ዕረፍቱን ጨርሶ ሰኞ ስለሚመለስ፣ ደብዳቤውንም የልጅህን የመንፈቅ ዓመት ካርድም በአንድ ፖስታ ይዞልህ ይመጣል። አደራ፣ ደብዳቤውን ሳትጨርስ ካርዱን እንዳታወጣው። ጠባይህን አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ዓይንህ የሚያርፈው «ደረጃ» የሚለው ላይ ነው።

በእኛ ጊዜ የነበረውን ታስታውሳለህ። ዓመቱን ሙሉ እንቀመጥና ፈተና ሲደርስ ደብተር እንውጥ ነበር፤ ፈተናው ካለፈ በኋላ ስለዋጥነው ማንም አይጠይቀንም። አሁን እንደዚያ አይደለም። ዘንድሮ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ገብቶልናል፤ መጽሐፉ ግን ገና ሙሉ ለሙሉ አልደረሰንም። አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ አንድ ገጽ አንብባ በራሷ አነጋገር መልሳ ማውራት ይጠበቅባታል። የጓሮዋን ስፋት ለክታ ማስላት አለባት። ታህታቸው የማይመሳሰል ክፍልፋዮችን መደመር አለባት፤ ይኼኛው እኔንም በአምስተኛ ክፍል ያስለቀሰኝ ነው። ማርኩም በአንድ ቀን አይታፈስም። በትምህርት ቤታችን አርባው የማጠቃለያ ፈተና ሲሆን ስልሳው በየሳምንቱ የሚለቀም ነው፤ አጫጭር ፈተና አለው፣ የክፍል ሥራ አለው፣ የቡድን ሥራ አለው። የቤት ሥራ ብቻውን አሥር ይይዛል። ዘግይቶ የመጣ የቤት ሥራ ደግሞ በግማሽ ይታሰባል። እኔ የክፍሉ ስም ጠሪም የሂሳብ አስተማሪም ስለሆንኩ፣ መስከረም ላይ ወላጆችን ሰብስቤ ይህን ሁሉ በአዊኛም በአማርኛም አስረዳሁ።

ጥፋቱ የተዘራው እዚያ ስብሰባ ላይ ነው፤ የዘራሁትም ራሴ ነኝ። የቡድን ሥራ ምን ማለት እንደሆነ አንዲት እናት ጠየቁኝ። እኔም አቋራጭ አገኘሁ ብዬ «እንደ ወንፈል ነው፤ ልጆቹ ተረዳድተው ይሠራሉ» አልኳቸው። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ጎረቤትህ አስማረማ «ታዲያ ይኼ ምን አዲስ አለው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ አይደለም እንዴ?» ብሎ ቤቱን አሳቀው። እኔም ጥሩ አስረዳሁ ብዬ ኮራሁ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ጥቅምት ላይ «እህተማርያም እግሯን ትንሽ ወለም ብሏት ነው» ያልንህ ስብራት ነበር። ከግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ስትመለስ የተሳፈረችበት ጋሪ ተገለበጠ። ሥራህን ጥለህ እንዳትመጣ ብለን ነው የደበቅንህ። አሁን ድና ያለ ምርኩዝ ትሄዳለች፤ ብትቆጣ እኔን ተቆጣ፣ እሷን ተዋት። ያኔ ግን ከአልጋ መውረድ አልቻለችም፤ እናታችንም ጉልበቷን አሟት ነበር። ውኃ መቅዳቱም፣ ላሚቱን ማሰማራቱም፣ እናቷን ማገላበጡም በልጅህ ላይ ወደቀ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቀረች። እኔ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ወደ እንጅባራ ቤቴ መኪና ስለምሳፈር ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር የምደርሰው።

ሰፈሩ አላሳፈረንም። ድንችህን በወንፈል ቆፍረው፣ ለቅመው፣ ደጃፏ ድረስ አመጡላት። እና የሚያስገርመው፣ ልጅቷ ሳትመጣ ደብተሯ ትምህርት ቤት ይመጣ ነበር። የአስማረ ልጅ ሕይወት ይዛው ትመጣለች፤ የቤት ሥራው ተሠርቶ፣ ስሟ በላዩ ተጽፎ። እናቷን እያስታመመች ሂሳብ ትሠራለች ብዬ ልቤ በኩራት አበጠ። አምስት ጊዜ ሙሉ ማርክ ሰጠሁ፣ ይሄነው! በስድስተኛው ግን አንዲት ሰባት ቁጥር ወገቧ ላይ ታጥቃ መጣችብኝ። ፍቅርአዲስ ሰባትን ቀበቶ አታስታጥቅም፤ እንዲያ የምትጽፈው ሕይወት ናት። የኋላውን ገልጬ ባየው የእጅ ጽሑፉ ከቀን ቀን ለየቅል ነው። አምስት ልጆች ተራ ገብተውላት ኖሯል። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁና ስድስቱንም ዜሮ አደረግኳቸው። እናታችን የነገረችህ ዜሮ ይኼ ነው።

አምስቱን ልጆች ጠርቼ ስቆጣ አንዳቸውም አላፈሩም። ሕይወት ደረቷን ነፍታ «ቲቸር፣ ወንፈል ነው፤ እርስዎ ነዎት ለወላጆቻችን ያሉት» አለችኝ። በማግስቱ አባቷ አስማረ መጣ። በአዊኛ የተናገረውን ወደ አማርኛ ስመልሰው ጣዕሙ ይቀንሳል እንጂ እንዲህ ነበር ያለኝ፦ «የእህተማርያምን ድንች ስንቆፍር እጇ አልነካውም። ታዲያ ድንቹ የእሷ አይደለም ብሎ ከደጇ ያነሳባት አለ? በታመመ ሰው ቤት ሥራ መሥራት በእኛ ነውር ሆኖ አያውቅም። አንቺስ የዚሁ አገር ልጅ አይደለሽም?» ያን ማታ የማርክ አያያዝ መመሪያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ስለ አስማረ ድንች የሚል አንቀጽ የለውም። ባልደረቦቼም ሙሉውን ብትሰጫት ማን ይጠይቅሻል አሉኝ። እኔ ግን ሃምሳ ስድስት ልጆች አሉኝ፤ ሁሉም የማን አክስት እንደሆንኩ ያውቃሉ። ደግሞ ታህሣሥ ላይ የክፍልፋይ ፈተና ሲመጣ ሕይወት ልትፈተንላት አትችልም።

መልሱን ያገኘሁት ቅዳሜ ዕለት እዚያው ማሳህ ላይ ነው። ገብስህ ደርሶ የወንፈሉ ሰው ሊያጭድ ወጥቶ ነበር። ባለቤትህን እግሯ ታስሮ፣ ሁለት ሰው ደግፎ አውጥቷት፣ ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ግቢ ብንላት «ባለማሳ ከማሳዋ አትጠፋም» አለች። ቀኑን ሙሉ እየተጣራች፣ እየመረቀች፣ ከየት በኩል እንደሚጀመር እየተናገረች ዋለች። ያኔ አስማረን በስሙ ጠራሁትና «ወንፈልህን አልነቀፍኩም፤ ባለማሳዋን ትታችሁ ማጨዳችሁን ነው የነቀፍኩት። ድንችን ማንም ቢቆፍረው ለባለቤቱ ሆድ ይሆናል፤ ሂሳብ ግን የሚገባው ለሠራው ሰው ነው» አልኩት። ማጭዱን በሣር ጠራረገ። ከዚያ ሳቀና «እንዲያ ከሆነ ልጆቹን ወደ ባለማሳዋ እሰዳቸዋለሁ» አለኝ።

እንዳለውም አደረገ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አምስቱም ልጆች ከትምህርት ሲወጡ ወደ ቤትህ ይሄዱ ጀመር። ሁለቱ ውኃ ይቀዳሉ፣ አንዱ ላሚቱን ያስገባል፣ ሁለቱ ከፍቅርአዲስ ጋር ተቀምጠው ያስረዷታል። እስክሪብቶውን የምትይዘው ግን እሷ ብቻ ናት። ስድስቱን የቤት ሥራ እንደገና በእጇ ሠርታ አመጣች። ሁሉንም አግኝታዋለች፤ ግን ዘግይቷልና በግማሽ ያዝኩላት። በሰዓቱ ካመጣቻቸው ከሌሎቹ ስድስት ጋር ተደምሮ ከአሥሩ ሰባት ተኩል ደረሳት። አንዳንዴ ስም ጠሪዋ ባዕድ ብትሆን ኖሮ ይሻላት ይሆን እላለሁ።

ወንፈል ደግሞ ብድሩ ይመለሳል። ወደ ክፍል ከተመለሰች በኋላ አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ የቱ ይበልጣል ብዬ ጠየቅኩ። አብዛኛው ልጅ ከሦስት አራት ስለሚበልጥ «አንድ አራተኛ!» ብሎ ጮኸ። ልጅህ እጇን አወጣች። ሰሌዳው ጋ ወጥታ «አባቴ አገር ቤት እያለ የሰው መሬት እያረሰ ከምርቱ ሲሶውን፣ ከሦስት አንዱን ነበር የሚወስደው። ባለመሬቱ ሲሶ አልሰጥህም፣ እርቦ፣ ከአራት አንዱን ነው የምሰጥህ ቢለው ይቀበል ነበር?» አለቻቸው። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አይቀበልም!» አለ። እኔ ሁለት ሳምንት ለፍቼ ያላስገባሁትን እሷ በአንድ ጥያቄ አስገባችው። በእረፍት ሰዓት ሕይወትንና ሌሎቹን ሰብስባ መደመሩን አሳየቻቸው። በታህሣሡ ፈተና አምስቱም ከግማሽ በላይ አመጡ። ያን ቀን ጠመኔዬን እንደያዝኩ ሰሌዳው ዳር ቆሜ የኮራሁትን ኩራት፣ ከኮሌጅ ስመረቅ እንኳ አልኮራሁትም። ባንተም ኮርቻለሁ፤ ከአራተኛ ክፍል ወጥተህ ሞፈር ስትጨብጥ እኔን ትምህርት ቤት ላክኸኝ፣ ሲሶህ ደግሞ ዞሮ እኔው ክፍል ውስጥ ትምህርት ሆነ።

አሁን ካርዱን አውጣው። አማካዩ ሰባ ስምንት ነጥብ አምስት ነው፤ ደረጃዋ ስምንተኛ። ባለፈው ዓመት ሦስተኛ እንደነበረች ለጓደኞችህ መንገርህን ሰምቻለሁ። ስምንተኛዋን ደግሞ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ንገራቸው፤ እያንዳንዷ ቁጥር የልጅህ የራሷ እጅ ናት።

ከታች ግን ባዶ ቦታ ታያለህ። «የወላጅ አስተያየትና ፊርማ» ይላል። የመጨረሻው ኑዛዜዬ እሱ ነው። ከሄድክ ወዲህ ባሉት አራት ዓመታት እዚያ ላይ «ልጄ በርቺ፣ ኮርቼብሻለሁ፣ አባትሽ» እያልኩ ስጽፍ፣ ባንተ ፈንታ ስፈርም የኖርኩት እኔ ነኝ። ክፋት አልነበረኝም፤ ባዶ ካርድ ይዛ እንዳትሄድ ብዬ ነው። ባለፈው ዓርብ ካርዱ ተሰጥቶ ቤትህ ደረስን፤ እንደልማዴ እስክሪብቶ ሳወጣ እጇን ካርዱ ላይ አደረገች። ቤት ውስጥ እትዬ እንጂ ቲቸር ብላኝ አታውቅም። ያን ዕለት ግን «ቲቸር፣ አባቴ ያልጻፈውን በአባቴ ስም መጻፍ የእኔ ደብተር ላይ እንደተደረገው አይደለም?» አለችኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ኖሯል። እስክሪብቶዬን ከደንኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እንደ አስተማሪነቴ አራቱንም ዓመት ዜሮ አድርጌብሃለሁ። «የእጅ ጽሑፌ አያምርም» እንደምትል አውቃለሁ። ግድ የለም፤ እኔ ሳርም የጽሑፍ ማማር ማርክ የለውም። ጽፈህ በእንዳልካቸው በኩል መልስልኝ። የዘገየ በግማሽ ይታሰባል ብያለሁ፤ ይኼኛውን ግን የምታርመው እሷ ናት።

እናታችን ዘውድነሽ ወገብህን በቅቤ ታሽ ብላሃለች፤ ምርቃቷን ከዚህ ሆና ትልክልሃለች። እህተማርያም በጣም ናፍቀሃታል፤ ለፋሲካ የምትመጣ ከሆነ ቀድመህ አስታውቃት። አስማረና ልጁ ሕይወት ሰላም ብለውሃል፤ አስማረ አሁንም በድንቹ ክርክር አልተረታሁም እያለ ነው። አብረውህ ለሚሠሩት የአገራችን ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ፍቅርአዲስ ግን ሰላምታዋን በእኔ እጅ አልክም ብላለች። ከስሜ በታች ያለውን የጻፈችው ራሷ ናት።

እህትህ ይታይሽ

አባዬ፣ ለአስተያየት የተተወው ቦታ ሦስት መስመር ነው። ካልበቃህ የካርዱ ጀርባም ባዶ ነው።
ፍቅርአዲስ ይሄነው

ዘንገና፣ እንጅባራ
የካቲት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.