ለዘመናይ የተሰጣት ሃያ ዓመት

አርብ፣ ጥቅምት 22

ጉልበቴ ዛሬ ደህና ነው። ጠዋት የደም ግፊት መድኃኒቴን አመጣሁ። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ፣ አሁንም ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እነቃለሁ። ተነሥቼስ? የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት እኔን አይጠብቅ...

ለነገ አበባ ገዛሁ።

ማታ ዮርዲ ደወለች። "ነገ ዝናብ ነው አባዬ፣ መቃብሩ ጋ አትሂድ።" ባለፈው ዓመት ለልቤ ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ከተኛሁበት ጊዜ በቀር ቅዳሜን ቀርቼ አላውቅም። ዛሬ ዝናብ ሊያስቀረኝ? ልጄ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው፤ ሽማግሌ ሁሉ በሽተኛ ይመስላታል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ዝናብ አልነበረም።

የባለቤቴ የዘመናይ መቃብር ድንጋይ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። መነጽሬን ረስቻለሁ። አጠገቡ ያለውን መቃብር የምታጠጣ ጀርመናዊት አነበበችልኝ። የማረፊያ ጊዜው አልቋል፣ ቤተሰብ ቢሮ ይቅረብ፣ ይላል። አልገባኝም አልኳት። ደግማ አነበበችልኝ።

መጀመሪያም ገብቶኝ ነበር።

ያረፈ ሰው ዕረፍቱ ያልቃል እንዴ?

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ሾርባ ሠራሁ። አልበላሁትም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ያለ ቴርሚን፣ ያለ ቀጠሮ፣ መቃብር ቢሮው ሄድኩ። የቢሮዋ ሴት ደግ ናት። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

መዝገቡን አየች። ይህ ዓይነቱ መቃብር ሃያ ዓመት ነው፣ አይታደስም አለችኝ። የሚታደስም አለ፤ ግን ሰው ሲቀበር ነው የሚመረጠው። እኔ ያኔ ምን መረጥኩ? በአንድ እጄ የስድስት ዓመት ልጅ ይዤ፣ በሌላው ያቀረቡልኝን ሁሉ ፈረምኩ። ጀርመንኛው ግማሹም አልገባኝ...

"እኔስ? ከጎኗ ነበር የምቀበረው" አልኳት።

ብዕሯን አስቀመጠች። "እሷን ማንም አይነካም። ድንጋዩ ይነሣል፣ ሣር ይዘራበታል" አለች።

"ከዚያስ?"

"ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ይቀበርበታል።"

ልነሣ ስል ነው የነገረችኝ። "ባለፈው ዓመት እኮ ጽፈን ነበር። ልጅዎ ፈርመው መልሰውልናል።" አሳየችኝ። የዮርዲ ፊርማ ነው። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ከመንግሥት ቢሮ የሚጻፉልኝ ደብዳቤዎች ወደ እሷ ነው የሚሄዱት። እኔው ነኝ ውክልና የሰጠኋት።

አንድ ዓመት ሙሉ ታውቃለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ዮርዲ አራት ጊዜ ደወለች። አላነሣሁም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ከሥራ ቀጥታ መጣች፣ የሥራ ጫማዋን እንዳደረገች። ቁጭ በይ አላልኳትም።

"ለምን ደበቅሽኝ?"

"ልብህን ፈርቼ" አለች በጀርመንኛ።

"ልቤን ተዪው። ምክንያት አታድርጊው።"

ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ፣ "እውነቱን ልንገርህ? ደብዳቤው ሲመጣ ቀለለኝ።"

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። እሷ ግን አላቆመችም። አማርኛና ጀርመንኛ እየቀላቀለች... "ቅዳሜ ሁሉ፣ ፓፓ። በዝናብ፣ በበረዶ። የክፍሌ ልጆች ልደት ሲያከብሩ እኔ ውሃ ተሸክሜ መቃብር አጠጣለሁ። አንተ ትቆማለህ። ዝም። አንድ ቀን ስለሷ አንድ ነገር ነግረኸኝ ታውቃለህ? እናቴ ማለት ለኔ ድንጋይ ናት። ሌላ ምንም የለኝም።"

"ውጪልኝ" አልኳት።

ወጣች። ስምንተኛ ፎቅ ነን፤ አሳንሰሩን አልጠበቀችም። ጫማዋ በደረጃው ሲወርድ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

ልጄን ከቤቴ አስወጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ኣብራሃ መጣ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን አንሶላ አጥበናል፤ ስደብቀው ያውቅብኛል። ሁሉንም ነገርኩት።

"ታላቅ ወንድሜ በጦርነቱ ጊዜ ሞተ" አለኝ በዚያ በአስመራ አማርኛው። "የት እንደወደቀ የሚያውቅ የለም። እናቴ አፈሩን ሳታይ ሞተች። አንተ ሃያ ዓመት አበባ ይዘህ ሄደሃል።"

ተናደድኩበት። ሐዘን በሐዘን ይለካል? ሻዩን ጠጥቶ ተነሣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ "የልጅህን አድራሻ ግን ታውቀዋለህ አይደል? እዚሁ ኖርድኤንድ ሰፈር ናት" አለኝ።

አርብ፣ ጥቅምት 29

ኡባን ባቡሩ ውስጥ ንግግር ሳዘጋጅ ወደ ዮርዲ ሄድኩ። ይቅርታ ልላት፣ ደግሞ ልወቅሳት... በሩን ስትከፍት ሁሉም ጠፋ። ዓይኗ አብጧል።

"ድንጋዩን ሲያነሡ ብቻዬን አልችለውም" ነው ያልኳት።

"መቼ ነው?" አለች። በአማርኛ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ዛሬ አነሡት።

ሁለት ሠራተኞች፣ አንዲት ትንሽ ማሽን። ከመጀመራቸው በፊት አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። ጊዜ ውሰዱ አለን።

ዮርዲ ድንጋዩ ፊት ተቀመጠች። "ምን ይላል?" አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ደነገጥኩ። ልጄ አማርኛ ማንበብ አትችልም። ሃያ ዓመት ስታጥበው ኖራ፣ የተጻፈበትን አታውቅም። እኔም አንብቤላት አላውቅም። እንዴት እንዲህ ይሆናል?

ጣቷን ይዤ በፊደሎቹ ላይ አስኬድኩት። "ዘመናይ ሙሉጌታ።" ጣቷን ወደ ቀጣዩ መስመር አወረድኩት። "የዮርዳኖስ እናት።"

"ስሜ አለበት?"

"አዎ።"

"ሁልጊዜ ነበር?"

"ሁልጊዜ።"

እዚያው አለቀሰች። ያቺ የስድስት ዓመቷ ዮርዲ በቀብሩ ቀን አላለቀሰችም ነበር። ትዝ ይለኛል፤ ጎበዝ ናት ብዬ ኮርቼባት ነበር... ጎበዝ። እኔ ነኝ ዝምታን ያስተማርኳት።

ሠራተኛው ድንጋዩን ትወስዱታላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ዮርዲ አየችኝ። የት አደርገዋለሁ? በረንዳዬ ላይ? መቃብር ቤቴ ላስገባ? በስልኳ ፎቶ አነሣችው። "ውሰዱት" አልኩ። ሃያ ደቂቃም አልፈጀ።

ባዶ አፈር ቀረ። ጠባብ ነው። ያን ያህል ጠባብ አይመስለኝም ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

የምሄድበት የለም። ልማድ ነው፣ ጫማዬን አድርጌ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር።

በአራት ሰዓት ዮርዲ መጣች። ምስር ሠርታ በዕቃ ይዛለች። ሳትጠይቀኝ ጀመርኩላት። ስደተኞች በሚያድሩበት ሃይም እንደተገናኘን፣ ፀጉሬን ልቁረጥልህ ብላ አበላሽታው ሳምንት ሙሉ በኮፍያ እንደሄድኩ። በቴሌቪዥን አየሩን ከሚናገረው ሰውዬ ጋር በአማርኛ ትከራከር እንደነበር። ትናንት ፀሐይ አላልክም ወይ እያለች። ዮርዲ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ እናቷን ትመስላለች፤ እሱንም ነገርኳት።

ከዚያ፣ "ድምጿ ምን ዓይነት ነበር?" አለችኝ።

የምስሩን ዕቃ ወደ ጎን ገፋሁ።

ውሸት መጣልኝ። ቀጭን ነበር፣ ለስላሳ ነበር ልላት... አልቻልኩም። "አላስታውሰውም" አልኳት። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን። ከጠፋኝ ስንት ዓመቱ! ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ዝም ብዬ የምቆመው እኮ ድምጿን ስፈልግ ነበር።

"እኔም አላስታውሰውም" አለች። "እኔ ብቻ መስሎኝ... አፍሬ ነው ያልጠየቅኩህ።"

እጄን ያዘች። ምስሩ ቀዘቀዘ።

"ሌላ ንገረኝ" አለችኝ። "የምታስታውሰውን።"

እስኪመሽ ነገርኳት።