ሮኬቱ የልጄ ነው ብዬ

ልጄ ዌይሻን፣ የባሕሯ እናት ከክፉ ሁሉ ትሰውርህ፤ የአባትህ መንፈስ ከጎንህ አይለይ። ደህና ነህ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ኮኮናታችን ዘንድሮ ጥሩ ይዟል።

ያ ግዙፉ አዲስ ሮኬት ከመንደራችን አጠገብ ካለው የማስወንጨፊያ ጣቢያ ማክሰኞ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሞከረ። መንደሩ በሙሉ ለማየት ጣሪያችን ላይ ወጥቶ ነበር። እኔም አፌ አላርፍ ብሎኝ፣ "ንድፉን የሠራው የኔ ልጅ ነው፤ ከውጭ ሆኖ ነው የሚልክላቸው" አልኩ። ሮኬቱ ገና ከባሕሩ ዳር ብድግ እንዳለ ፈነዳ። የጎረቤታችን የአጎት ሺንግ ዶሮዎች ደንግጠው አንዱ ባንዱ ላይ ተከምረው ታፍነው አለቁ፤ ሁለት መቶ ዶሮ!

በማግስቱ አጎት ሺንግ የአንዷን ዶሮ በድን በራችን ላይ ሰቅሎ፣ "የኢንጂነሩ እናት፣ ልጅሽ ያረዳትን ዶሮ ብዪ እንጂ!" አለኝ። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ "መጣች፣ ጆሯችሁን ያዙ!" ይባባላሉ። ሲብስብኝ እውነቱን ተናገርኩ።

"ልጄ ሲድኒ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ነው የሚያጥበው" አልኳቸው።

ሳቁ ቀጥ አለ። አጎት ሺንግ እጄን ይዞ፣ "አይዞሽ እህቴ፤ የዶሮዎቹን ነገር ተይው" አለኝ። ሲስቁብኝ ያላለቀስኩት ሴትዮ ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ብርዱን ተጠንቀቅ፤ እጅህ ሳይደርቅ ደጅ አትውጣ። ዕድሜህ ይርዘም። ከሚያዝኑልኝ ቢስቁብኝ ይሻለኛልና አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ለአጎት ሺንግ በእጅህ ጻፍለት። ዶሮዎችህን የጨረስኩት እኔ ነኝ በለው።

እናትህ