ለካውቦይ ፊልም ያልደረሰ ልጅ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ወርቂቱ፤ አሰብ

እንደምን ሰንብተሻል? የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ባልሽ ማርቆስስ ወገቡ ተሻለው ወይስ ዛሬም ወደቡ ያለ እኔ አይሠራም እያለ ጆንያ ይሸከማል? ትንሿ ጽጌሬዳ ትምህርት ቤት ገባች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። አባባም ጉልበታቸውን እያማረሩ አሁንም ከኦቾሎ ሲቀላ ገበያ በእግራቸው ይወርዳሉ። መኪና ተሳፈሩ ብላቸው ይቆጡኛል።

ከሁሉ በፊት ልጅሽ ዳና ደህና ነው። ይህን ደግመሽ አንብቢውና ቀጥዪ። አሁን ግን እኔ ዘንድ የለም፤ ትምህርቱንም አቋርጧል። የሆነውን በፖስታ መላክ ስላልደፈርኩ ደብዳቤውን ለጎረቤቴ ለወለቴ ሰጥቻታለሁ። ባሏ አሰብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ በእጁ ያደርስልሻል።

ነገሩ የጀመረው በፊልም ነው። አትሳቂ። ቀበሌያችን ወጣቱን ላዝናና ብሎ የካውቦይ ፊልም አስመጣ። የሚታየው የት መሰለሽ፣ የቀድሞው ጸሎት ቤታችን ውስጥ ነው። ከተወረሰ ወዲህ አዳራሽ ሆኗል፤ አግዳሚዎቹ እንኳ የኛው ናቸው። መዘምራን ይቆሙበት በነበረው ቦታ አቡጀዲ ተሰቀለ። ፊልሙ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚል ገምጋሚ ኮሚቴ ተቋቋመና እኔም መምህርት ነሽ ተብዬ ገባሁበት። ሰብሳቢው ሊቀመንበሩ ጓድ ፈቃደ ነው፤ ከሰሜን መጥቶ ስንት ዓመት እዚህ ኖሮ እስከ ዛሬ በጋሞኛ ሰላምታ መስጠት አያውቅም። ሦስተኛው አባል መምህር ባዘዘው ነው፤ እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብሎ ሊተረጉምልን ተቀመጠ። የፊልሙ ሰዎች የሚነጋገሩት ግን በጣሊያንኛ ነበር። እሱ ሳያፍር እስከ መጨረሻው ተረጎመልን።

ስለ ፊልሙ ምን ልበልሽ። ፊቱን ታጥቦ የማያውቅ አንድ ሰውዬ በፈረስ ይመጣል፣ ሲጋራውን ከአፉ ሳያወርድ ሰው ይገድላል፣ ይጠጣል፣ እንደገና ይገድላል። ልጆቹ አክተሩ የሚሉት እሱን ነው። ለምን እንደሚገድል የሠሩትም ሰዎች የሚያውቁ አይመስለኝም። የሚሞቱት እናት የላቸውም፣ የሚያለቅስላቸው ጎረቤት የላቸውም፤ እንደወደቁ ይቀራሉ፣ ሌላው ተራምዷቸው መጠጥ ቤት ይገባል። ደሙ አይደለም ያንገሸገሸኝ፤ የኛ ልጆች በግ ሲታረድ እያዩ ነው ያደጉት። የሰውን ሞት እንዲህ አራክሶ ማሳየት ግን ነውር ነው።

ኮሚቴው ፊልሙን ባየበት ቀን አባባ ገበያ ውለው ስለነበር አብረውኝ ገብተው አዩ። መብራት በርቶ ሁላችን ስንነሣ እሳቸው ከአግዳሚው አልተነሡም። ቀሪውን መቼ ነው የሚያሳዩን አሉኝ። አለቀ እኮ አባባ ብላቸው ተቆጡ። የሰው ደም በእጁ ያለ ሰው እንዴት ገበያ መሃል ያልፋል፣ ሽማግሌዎች ሣር ይዘው ሳይመጡ፣ የሟች ወገኖች ሳይታረቁ እንዴት አለቀ ይባላል አሉ። እንደምታውቂው እኛ ዘንድ ገዳይ እርቅ ሳያወርድ ገበያ አይረግጥም፣ ከሰው ጋርም አይበላም። አባባ እዚያም አገር እንዲሁ መስሏቸው እርቁን ሲጠብቁ ነበር። ባዘዘውና ፈቃደ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር፤ የነሱን ስሰማ ጠፋብኝ።

ግምገማው ደግሞ የባሰ ነው። ፈቃደ አንዲት ሴት ትከሻዋ ተገልጦ የታየችበት ቦታ ይቆረጥ ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ስለተገደሉት ሰዎች አንድ ቃል አልተነፈሰም። ባዘዘው የሞቱት ከበርቴዎች ስለሆኑ ለወጣቱ ትምህርት አለው አለ። ከበርቴ መሆናቸውን በምን አወቅህ ብዬ ብጠይቀው፣ በኮፍያቸው አለኝ። እንግዲህ ልጆቻችንን የሚያስተምረው ይኼ ነው። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተከራከርኩ፤ መግደልን እንደ ጨዋታ አታሳዩዋቸው አልኩ። በመጨረሻ፣ የኔ ክርክር ይሁን የሴትዮዋ ትከሻ አላውቅም፣ ፈቃደ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ለተኩስ ልቡ አልጠነከረም፣ አይግባ ብሎ ወሰነ። ደስ አለኝ። ፊልሙ ለሕዝብ በታየ ቀን ጓደኞቹ በመስኮት ሲያጮልቁ ዳናን ቤት ቆልፌበት ዋልኩ፤ ቢያኮርፈኝም አልራራሁለትም።

በሳምንቱ ያው ፈቃደ በዚያው አዳራሽ ስብሰባ ጠራን። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የሚሰጠው ሰው ጎድሎበታል፤ ከትላልቆቹ ልጆች ግማሹ ተወስዷል፣ ግማሹ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ከቀሩት ይሞላል አለና የዳናን ስም ጠራ። ተነሥቼ ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው አልኩ። ቁመቱን አላየሽም ወይ አለኝ። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ተቀምጠህ ለተኩስ ልቡ አልጠነከረም ያልከው አንተ አይደለህም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ያ እኮ ፊልም ነው ጓድ ልክነሽ፣ ይኼ የአገር ጉዳይ ነው ብሎ እንደ ሊቅ መለሰልኝ። ባዘዘው አጨበጨበለት። የውሸቱን ጥይት እንዳያይ የከለከሉት ልጅ ለእውነተኛው ደርሷል ማለት ነው። እነዚህን ሰዎች ንቄ አልጠግባቸውም።

ቅዳሜ ገበያ ሲበተን ዳና ከአባባ ጋር ወጣ። የሸማኔ ክር ተሸክሞ ከኦቾሎ ሴቶች መሃል ሲያልፍ የቀበሌው ጥበቃዎች ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ኦቾሎም ይፈልጉታል ብለው ስለፈሩ አባባ ወደ ገረሴ ወስደው አክስታችን ሻሺቱ ዘንድ አደረሱት። እኔን ጠርተው የት ደበቅሽው ሲሉኝ እናቱ ዘንድ አሰብ ሄደ ብያለሁ። እዚያ ድረስ ጽፈው ሊያጣሩ ይችላሉ። አደራሽን፣ የሚጠይቅሽ ቢመጣ ደርሶ ነበር፣ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ አልተመለሰም በዪ። ማርቆስም ይኼንኑ ይበል፤ ቃላችሁ ከተለያየ ልጁን ያገኙታል። ደብዳቤዬን አንብበሽ አቃጥዪው።

ለማርቆስ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ወገቡንም ይጠብቅ። ጽጌሬዳን ጉንጯን ሳሚልኝ። አባባ መርቀውሻል። አክስታችን ሻሺቱም አታስቢ ብላሻለች፤ ልጅሽ ቆጮውን ጥርግ አድርጎ ይበላል አሉ። ዳና ሲሄድ ለእናቴ ሰላም በዪልኝ፣ ለአባቴ ደግሞ ድምፄ እንደሱ ጎርንኗል ብለሽ ጻፊለት አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጎርንኗል፤ ጢምም ጀምሮታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን የምሥራች ብዬ እጽፍልሽ ነበር። አሁን ግን ሰው ባለበት አፉን እንዳይከፍት አስጠንቅቄ ነው የሸኘሁት።

እህትሽ ልክነሽ ዳልጮ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
የካቲት 20 ቀን 1981 ዓ.ም.