በገዛ ማኅበራቸው ስለተከዱት የወንዝ ዳር ሠዓሊ

የአደባባይ ሥዕልና የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራችን መሥራች አባሉን፣ ሁላችንም «ጋሽ ጭቃ» እያልን የምንጠራቸውን ሠዓሊ ከድቷል። ታመው በተኙበት ሰሞን የዕድሜ ልክ ሥራቸውን በገዛ እጃችን ቀብተን አጥፍተናል። ትናንት ጠዋት በመኖሪያ ቤታቸው ማረፋቸውን ለአባላትና ለሕዝብ የምናስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው፤ ሐዘኑ ግን ከዚህ ጥፋት ተለይቶ እንዲነገር አንፈልግም።

ጋሽ ጭቃ ሥራ የጀመሩት የሱቅ ማስታወቂያ በመጻፍ ነበር። ማኅበሩ ሲመሠረት የወንዙን ዳር ይዞ የሚሄደውን ረጅም ግንብ ተረከቡ። ቀለማቸውን የሚያዘጋጁት ከወንዙ ደለል ነው፤ የሚበጠብጡትም በወንዙ ውኃ ብቻ ነበር። በየዓመቱ ዝናብ ሲያባራ፣ ካለፈው ዓመት ዓሣ ጎን አንድ ዓሣ ይጨምራሉ። ውኃው ደህና በነበረበት ዘመን የተሣሉት ቡናማና ቀያይ ናቸው። ከወንዙ በላይ በኩል የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ከተከፈተ ወዲህ የተሣሉት ግን ጠቆሩ፣ ተላላጡ። የታችኛው ሰፈር ሰው ግንቡን ተከትሎ ሲሄድ ወንዙ ምን እንደደረሰበት በዓይኑ ያይ ነበር።

በገበያው መግቢያ ከፍሳሽ ቦይ በተለቀመ ፌስታል የሸመኑት ዳስም የእሳቸው ሥራ ነው። ሻጮች እስከ ዛሬ ይጠለሉበታል።

ባለፈው ዓመት ነዋሪዎች ፋብሪካው ፍሳሹን እንዲያጣራ አመለከቱ፤ መርማሪዎች መጥተው ግንቡን እንዲያዩም ቀጠሮ ተያዘ። ጋሽ ጭቃ በዚያው ሰሞን ሳንባቸውን ታመው ተኙ። ሊቀመንበሩ እሳቸውን ሆስፒታል ሲያስታምም፣ ኮሚቴው «ጋሼ ሲነሱ ደስ ይበላቸው፣ የተላላጠውን እናድስላቸው» ብሎ ወሰነ። ቀለሙን የሰጠው ፋብሪካው ነው። ኮሚቴው ይህን ያውቅ ነበር። አባላት ተሰልፈው የጠቆሩትን ዓሦች በሚያብረቀርቅ ሰማያዊና ብርቱካናማ ሸፈኗቸው። መርማሪዎቹ ሲመጡ የጠበቃቸው የሕፃናት መዋያ የመሰለ ግንብ ነው። አቤቱታው ማስረጃ የለውም ተብሎ ተዘጋ።

ጋሽ ጭቃ በልጃቸው ተደግፈው መጥተው አዩት። ከአባላቱ አንዱ «እንዴት ነው ጋሼ፣ አላማረም?» ቢላቸው፣ «አምሯል ልጄ፤ ሬሳም ሲገንዙት ያምራል» ብለውት ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልያዙም።

«ባለማወቅ የተደረገ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር እዚህ እንዲገባ ኮሚቴው ጠይቋል። አይገባም። ዕድሜውን ሙሉ ቀለም ሲቀባ የኖረ ሰው ቀለም እንደሚሸፍን አላውቅም ሊል አይችልም። ጽሑፉ እንዲለዝብም ተለምነናል፤ አልለዘበም።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸውና ያንኑ ውኃ እያዩ ለሚኖሩት የታችኛው ሰፈር ነዋሪዎች መጽናናትን እንመኛለን። ቤተሰቡ የማኅበሩ የአበባ ጉንጉን ወደ ቀብሩ እንዳይመጣ ጠይቋል። እውነታቸውን ነው፤ አይመጣም። መምጣት የሚፈልግ አባል እንደ ማንኛውም ጎረቤት መጥቶ ከኋላ ይቁም።

ይህን የጻፍኩት እኔ ሊቀመንበሩ ነኝ። እናንተ የኮሚቴው አባላት፣ ዕድሜዬን አብሬያችሁ ስለጨረስኩ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ነግሬያችኋለሁ። ከእንግዲህ በስብሰባም ይሁን በለቅሶ ቤት፣ ለዕርቅም ይሁን ለጠብ፣ ይህን ነገር የሚያነሳብኝ ሰው ከእኔ አንዲት ቃል አያገኝም።