ጨዋ ሆነ አሉኝ

ለምወድሽ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ጠዋት ጠዋት የሚያስልሽ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይስ እሱም እንደኛ ሰፈር እንግዳ አንዴ ከገባ መውጫውን አያውቅም? የሆቴሉ አለቃሽስ አሁንም አንሶላው አልተወጠረም እያለች ያነጠፍሽውን አልጋ ታስፈርስሻለች? እዚህ ላይ “እኔ ደህና ነኝ” ብሎ መጻፍ የደብዳቤ ደንብ መሆኑን አላጣሁትም። ቦታውን ለጊዜው ክፍት ትቼዋለሁ፤ አንብበሽ ስትጨርሺ የመሰለሽን ሙዪበት።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንዳትዪኝ። አንቺ ስትደውይ አባዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ጠረጴዛው መሃል ያስቀምጠዋል፤ ቤቱ በሙሉ እንደ ዜና ነው የሚያዳምጥሽ። ተራዬ ሲደርስ “ደህና ነኝ” እላለሁ። እማዬ ከጎኔ ሆና በእጇ ጮክ በል ትለኛለች፤ ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ። ውሸት ደግሞ ሲጮህ ይብስበታል።

ወሬ ካልሽ ትልቁ ወሬ ይኸውልሽ፦ ጨዋ ሆኛለሁ። አትሳቂ! አጎታችንን “ምክር ቤት” ብዬ የሰየምኳቸው እኔ፣ የአባዬን ደንበኞች አረማመድ እያስመሰልኩ የልብስ ስፌት ሱቁን በሳቅ የማፈርሰው እኔ፣ አሁን ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ እላለሁ፤ ሲያወሩ አላቋርጥም። ሰፈሩ ጉድ ብሏል። ባለፈው ምክር ቤት መጡና ከእግር እስከ ራሴ አይተውኝ “ይሄ ልጅ ሰው ወጣው፤ ምክሬ ነው” አሉ። ምክራቸውን ታውቂዋለሽ፤ “በጠዋት ተነስ” ነው፣ ሌላ የላቸውም። እሳቸው ራሳቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ በጠዋት ይነሱና ለምን እንደተነሱ ሲፈልጉ ይመሽባቸዋል።

እውነቱን ልንገርሽ? ጨዋ የሆንኩት ሌላ ነገር መሆን አቅቶኝ ነው።

ሲጀምር እንኳ የሚያስቅ ነበር። ትምህርት አለቀ፤ ጓደኞቼ አንዱ አክስቱ ጋ፣ አንዱ ሥራ ፍለጋ ብለው ተበተኑ። እኔ ሱቅ ገባሁ። አባዬ ጠዋት ቁልፍ ያስተክለኛል፣ ከሰዓት ያረጀ ስፌት ያስፈታኛል። መጀመሪያ ስልችት ብቻ ነበር፤ መስታወቱ ላይ ለምታርፈው ዝንብ ሁሉ ስም አውጥቼላት ነበር። እየቆየ ግን መሰልቸቱ ራሱ ሰለቸኝ። አንድ ቀን ያ እንደ ዳክዬ የሚወዛወዘው አናጢ ሱሪውን ወስዶ ሲወጣ፣ ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀ፤ እንዳስመስለው። ተነሳሁ። አካሄዱ ጠፍቶኝ እንዳይመስልሽ፣ እሱን እግሬ ያውቀዋል። ለምን እንደሚያስቅ ነው የጠፋኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩና መርፌዬን አነሳሁ። አባዬ “ጎሽ! አሁን ገና ሰው ማክበር ጀመርክ” አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስነቃ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ይመስለኛል። ምክር ቤትን የሚያክል ሰው፤ ልዩነቱ ይሄኛው አያወራም።

ዝም አላልኩም እኮ። እማዬን ጓዳ ድረስ ተከትያት “እማ፣ ምንም ነገር ደስ አይለኝም” አልኳት። ደንግጣ እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች። ትኩሳት የለም። “ጥጋብ ነው የኔ ጌታ፤ የራበው ሰው እንዲህ አይልም” አለችና ሰሃኔን ሞላችልኝ። ክፋት የላትም፤ ግንባር ላይ የማይገኝ በሽታ ስለማታውቅ ነው። ዞር ስትል ለጎረቤት ውሻ አቀበልኩት። በጣም ወፍሯል፤ ሰላም በልልኝ ብሎሻል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አባዬ ለጨዋነቴ ሽልማት ሙሉ ልብስ ሊሰፋልኝ ተነሳ። አቁሞ ለካኝ። ወገቤ ጋ ሲደርስ ሜትሩን አየ፣ መነጽሩን ጠረገ፣ ደግሞ ለካኝ። የአምናውን ልኬን በቃሉ ያውቀዋል፤ የሰፈሩን ወገብ ሁሉ በቃሉ የያዘ ሰው ነው። አሁን አየኝ አልኩ በልቤ። እንዲያየኝ ፈልጌ ትንፋሼን እንኳ አልሳብኩም። “ይሄ ሜትር ተለጥጧል” ብሎ ወረወረው። ወዲያው ሄዶ አዲስ ገዝቶ መጣ። በአዲሱም ለካኝ። እጁ ወገቤ ላይ እንደሆነ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ “የዘንድሮ ዕቃ ደግሞ ምኑ ይታመናል” አለና ጨርቁን በአምናው ልኬ ቆረጠው። ትናንት ለበስኩት። ኮቱ ለእኔና ለአንድ ሌላ ሰው ይበቃል። እማዬ “ያድግበታል” አለች፤ አባዬ ግን ቀና ብሎ አላየኝም።

በዚህ ላይ ቸር ሆኛለሁ። የኳስ ጫማዬን ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁ። ጊታሬን ለዚያ ለሚያንጎራጉረው ፀጉር አስተካካይ። የክረምት ጃኬቴንም እንዲሁ። ስሰጥ አይከብደኝም፤ እንዲያውም ክፍሌ ባዶ እየሆነ ሲሄድ ቅልል ይለኛል። ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ምክር ቤት ይህን ሲሰሙ “በዚህ ዕድሜው ዓለምን የናቀ ልጅ” ብለው ቆመው መረቁኝ። እሳቸው ከጀመሩ ወዲህ ሽማግሌ የሆነ ሁሉ ሲያየኝ ይመርቀኛል። እትዬ፣ ይህን ሁሉ ምርቃት ተሸክመህ ወዴት ልትሄድ ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድ ሰው የለም።

አሁን የቀረኝ ትተሽልኝ የሄድሽው ሳይክል ብቻ ነው። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ በየቀኑ እየመጣ ይለምነኛል። እስካሁን “የእህቴ ነው” እያልኩ እመልሰው ነበር። ትናንት ግን እሺ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። እሺ ማለት እየቀለለኝ መጥቷል፣ ትሰሚኛለሽ? ሮጬ ጓሮ ገባሁና ጎማውን አስተንፍሼ ተበላሽቷል አልኩት። የቀረችኝ ተንኮል እሷ ናት፤ እሷም ልጁ የጎማ መንፊያ እስኪያገኝ ድረስ ነው።

ስለዚህ ይህ ሲደርስሽ አትደውዪ። ነይ። አለቃሽን ወንድሜ ታሞብኛል በያት፤ ውሸት አይሆንብሽም። ለእማዬና ለአባዬ ሳይክሌን ልወስድ መጣሁ በያቸው፤ እንዳይደነግጡ። አንቺ ያለሽበት ከተማ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያይ ሐኪም እንዳለ አብራሽ ክፍል ስለተከራየችው ልጅ ሕመም ስታወሪ ሰምቻለሁ፤ ያኔ የሳቅኩትን እርሺልኝ። ጎማውን እኔው እነፋዋለሁ። እንደ ድሮው ከኋላ ጭነሽ እስከ መናኸሪያው ውሰጂኝ። አልከብድሽም።

ፈጣሪ ጤናሽን ያብዛልኝ፣ መንገዱንም ያሳጥርልሽ።

በጀርባሽ ያሳደግሽው ወንድምሽ