ስቶይና ከበረች

ውድ ባልደረባዬ ዲሚትሪና፣

የፖስታ ካርዱ ፊት የዳኑብ ወንዝ ሥዕል ነው፤ ጀርባው ግን የስቶይና ታሪክ ነው። ቪዲን ከተማ አጠገብ ባለች መንደር ለድህነት ጥናታችን ከደረሱኝ ቤቶች የመጨረሻው የእሷ ነው። ስደርስ ግቢዋ ውስጥ ቀይ ቃሪያ እየጠበሰች ለክረምት በጠርሙስ ትሞላ ነበር።

«እዚህ ቤት ስንት ሰው ይበላል?» አልኳት።

«አራት።»

የባሏ የሙት ዓመት ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጥፏል። ሁለቱ ልጆቿም ጀርመን መሆናቸውን ጎረቤት ነግሮኛል።

«እማማ፣ እርስዎ ብቻ ነዎት እኮ።»

«አንተ ልጅ፣ አራት አልኩህ! ለአንድ አፍ ብሎ እሳት የሚያነድ ማን አለ?»

ደንባችን ቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ብቻ መቁጠር ነውና ቅጹ ላይ «አንድ» ብዬ ሞላሁ። ባለፈው ጥናት በእሷ ጡረታ አራት ሰው ይኖር ነበር። አሁን ጡረታው ለእሷ ለብቻዋ ስለሆነ፣ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ከድሆቹ ተርታ ወጥታ መካከለኞቹ ጋ ገባች። ስነግራት ከት ብላ ሳቀች።

«እሰይ! ሁሉም ጥለውኝ ሲሄዱ ከበርኩ በለኛ!»

እናንተ ጋ፣ ዋና ከተማው ሶፊያ ውስጥ፣ እድገቱ ለድሃውም ደረሰ ተብሎ ይጨበጨባል። እዚህ ግን የእሳቱ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው።

ቦታ ጠበበኝ፤ ጽሑፌም እንደ ጉንዳን ደቀቀ። ልጆችሽን ሳሚልኝ፤ እናትሽንም እንደምን ከረሙ በይልኝ። ስቶይና ሦስት ጠርሙስ አሸክማኛለች፤ «የነሱ ድርሻ ነው፣ ለማን ላስቀምጠው?» ብላ። ስመለስ ቤተሰቡን ሁሉ ይዘሽ ቤቴ ነይና እንብላው። እኔም ብቻዬን ስለምኖር፣ በስሌታችን ሀብታም ነኝ።

ኦግንያን