ለእንግዳ ብቻ ስለሚወጣው የሆድ ኮይል

ለተከበሩ ለሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ገብረአምላክ
ባሉበት አገር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ያሉበት አገር ብርዱ እንዳይጎዳዎ፣ ምግቡ እንዲስማማዎ፣ ከሥልጠና አዳራሹ ወደ ሆቴልዎ ሲመለሱም እንቅፋት እንዳይመታዎ ኮልፌ ቀራንዮ ያለነው ሠራተኞችዎ ዘወትር እንመኛለን። እኛ ደኅና ነን፤ ከአንድ ቁልፍ በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

ደብዳቤውን በአደባባይ የምጽፍልዎ ድፍረት አብዝቼ እንዳይመስልዎ። ቢሮዎ ሄጄ የሉም ተባልኩ፣ ስልክዎ ላይ ብደውል ዝግ ሆነብኝ፣ በቴሌግራም የላክሁልዎን መልእክት ደግሞ አይተው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ቢጨንቀኝ ይኸው በማስታወቂያ ሰሌዳውም በፌስቡክም ለጠፍኩት። የሆስፒታሉን ስም ግን አልጠራሁም፤ «የተቋሙ ገጽታ» ለእርስዎ ምን ያህል ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። ስሜን ዘንግተውት እንደሆነ፣ የኤም አር አይ ምስል የማነብልዎ ሐኪም ናዝራዊት ነኝ።

አንደኛ፦ በሆድና በዳሌ ኤም አር አይ የላቀ አሠራር ላይ ስላዘጋጁልን ሥልጠና ምስጋናዬ ወደር የለውም። ፋይናንስ ሠለጠነ፣ ግዥ ሠለጠነ፣ ሕዝብ ግንኙነት ሠለጠነ፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያችን አነስ ብቻ «ተረኛ ነው» ተብሎ ቀረ። እኔንም ለፎቶው ስላስጠሩኝ ውለታዎ አለብኝ። በሕመምተኛ ላይ እየተሠራ ለሚሰጠው የውጭ አገር ትምህርት አንድ ሰው ብቻ ላኩ ስንባል ደግሞ፣ በሙያዎ የሒሳብ ሰው ሆነው ሳሉ ድካሙን ለእኛ ላለመተው ብለው ራስዎን መሥዋዕት ማድረግዎ ዓይኔን በእንባ ሞልቶታል።

ክቡር ሆይ፣ እዚያ ነግረዎት እንደሆነ አላውቅም እንጂ ሆድ እንደ ጭንቅላት ዝም ብሎ አይተኛም። ይተነፍሳል፣ ያጉረመርማል፣ ልጅ ካለበትም ልጁ ይገለባበጣል። ይህን ሁሉ ቀድሞ ጥርት ያለ ምስል ማንሳት በእጅ እየሞከሩ፣ እየተሳሳቱ የሚማሩት ነገር ነው። እኔና አነስ ኮይሉ ገና ንብረት ክፍል ሳይቆለፍበት በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ተራ በተራ ማሽኑ ውስጥ እየገባን ነው የተማርነው። የሰፈራችን እናቶች እንደሆኑ በመጽሐፍ የማይገኝ ነገር አስተምረውናል፤ ትንፋሽዎን ይያዙ ሲባሉ «እሺ የኔ ልጅ» ይሉና የያዙትን ትንፋሽ በጨዋነት ይለቁታል፣ ምስሉም ጭጋግ ይሆናል። ኋላ ላይ ገና ሳይገቡ፣ ዝም ቢሉን ባለጌ እንደማንላቸው ቃል እንገባላቸው ነበር። ይህን በስላይድ አሳይተውዎት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ኮይሉ። ለሠልጣኞቹ ላስታውስ፤ ኮይል ማለት ሆድ ላይ የሚታሰር፣ ስስ ፍራሽ የመሰለ፣ ማሽኑ የሆድን ምስል የሚቀበልበት ዕቃ ነው። ያለ እሱ ማሽኑም አለ፣ ሆዱም አለ፣ የሚረባ ምስል ግን የለም፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ። ዕቃው በንብረት ክፍል ኃላፊው በአቶ ጉታ ፊርማ ገቢ ሆኖ ሳያበቃ፣ እርስዎ «ለቁም ነገር ቀን ይቀመጥ» ብለው አዘዙ። ከዚያ ወዲህ የጎብኚ መኪና ግቢ ሲገባ ይወጣል፣ መኪናው ሲወጣ ይገባል። እኔም እናቴ የእንግዳ ሰሃን ቡፌ ውስጥ ቆልፋ በላስቲክ ሰሃን እያበላች ያሳደገችኝ ልጅ ስለሆንኩ ስሜትዎ ይገባኛል። አቶ ጉታንም አልወቅስም፤ ዕቃው ቢሰበር ከደመወዛቸው እንደሚቆረጥ ነግረዋቸዋልና ከሕመምተኛ ይልቅ ስብራት ቢፈሩ አይፈረድባቸውም።

ሦስተኛው አቤቱታ ሲሆን፣ ትሕትናዬ እስከ መጨረሻው መዝለቁን እጠራጠራለሁ።

ርሆቦት የምትባል፣ አየር ጤና ጋራዦቹ መሃል የመኪና መለዋወጫ የምትሸጥ እናት አለችን። ከዚህ በፊት የወለደቻቸውን ልጆች ሁሉ በቀዶ ጥገና ነው የተገላገለችው። አሁን ባረገዘችው ደግሞ የእንግዴ ልጁ የድሮው ጠባሳ ላይ አርፏል፤ በአልትራሳውንድ ስናየው የማኅፀኗን ግድግዳ ዘልቆ ሳይገባ አልቀረም። የፊታችን ሐሙስ የሚያዋልዷት ዶክተር ኢዮስያስ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ የሽንት ፊኛዋን ነክቷል ወይስ አልነካም? ከነካ ሌላ ቀዶ ሐኪም አጠገባቸው መቆም አለበት፣ ብዙ ደም መዘጋጀት አለበት፣ በቢላ የሚከፍቱበትም ቦታ ይለወጣል። ሳያውቁ የእንግዴ ልጁን ቢቆርጡት ግን ያቺ ሴት እዚያው ጠረጴዛው ላይ ደሟ አልቆ ትሞታለች። ሌላ ቦታ ልከናት ነበር፤ የሰጧት ቀጠሮ ልጇ ክርስትና ከተነሳ በኋላ ነው።

እርስዎ በሚሄዱበት ዋዜማ ያ ታላቅ የጉብኝት ቀን መጣ፣ ኮይሉም ወጣ። ለእንግዶቹ ማሳያ ከሕዝብ ግንኙነት ክፍል አንዲት ጤነኛ ልጅ ተኳኩላ እንድትተኛ አዘው ነበር። እኔ በእሷ ቦታ ርሆቦትን አስተኛኋት። ይቅርታ የምጠይቅ ከመሰለዎ ተሳስተዋል፤ ነገም አደርገዋለሁ።

ለዚህ ምርመራ ፊኛ ባዶም እንዳይሆን፣ ከልክ በላይም እንዳይሞላ ያስፈልጋል። ምስኪኗ ውሃ ጠጥታ ጠበቀች፤ እንግዶቹ ጦር ኃይሎች ጋ መንገድ ተዘግቶባቸው ቀሩ። ሽንት ቤት ደርሳ መጣችና እንደገና ጠጣች፣ እንደገናም ጠበቀች፣ ያንን ሆድ ይዛ። በመጨረሻ መጡ፤ እርስዎ ንግግር አደረጉ፣ ተጨበጨበ። አነስ «ይያዙ» ሲላት ርሆቦት ትንፋሿን ጥርቅም አድርጋ ያዘች፤ እሺ እንኳ አላለችም! ከጀርባ በኩል ያለው ምስል እንዴት አምሮ ወጣ መሰለዎ፤ በደስታ የአነስን ትከሻ በጥፊ መታሁት። ወደ ፊኛው በኩል ልናልፍ ስንል እንግዶቹ ወደ ሻይ ግብዣው ሄዱ።

ያን ጊዜ አቶ ጉታ ገቡና፣ እንግዳው ሲወጣ ዕቃው ይግባ ባሉት ትእዛዝዎ መሠረት፣ ኮይሉን ከሆዷ ላይ ፈተው ወሰዱት። እኔ ጮህኩ፣ አነስም በሩ ላይ ቆመ፤ እሳቸው ግን ክቡር ሥራ አስኪያጁ አንድ ቃል ይበሉኝ እንጂ ሌሊትም ቢሆን አወጣለሁ ብለው እየተለማመጡን ሄዱ። እርስዎ ያን ሰዓት ኬክ እየቆረሱ ነበር፤ ልገባ ብል ጥበቃው ከለከለኝ። ርሆቦት ለካ ያለቀ መስሏት ኖሯል። አቶ ጉታን «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» ብላ አመሰገነቻቸው፣ ወደ እኔ ዞራም «ዶክተር፣ ደኅና ነው አይደል?» አለችኝ። ኧረ በሕግ አምላክ፣ ምን ብዬ ልመልስላት ነበር?

አራተኛም አምስተኛም ነበረኝ፤ ቁጭ ብዬ መቁጠር ስላቃተኝ ትቼዋለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ምሳ ሳልጨርስ እነሳለሁ፣ ኮሪደሩን እመላለሳለሁ፣ የንብረት ክፍሉን በር ባለፍኩ ቁጥር እጀታውን ሞክሬ አልፋለሁ። ያንኑ ግማሽ ምስል እየከፈትኩ አያለሁ፣ ያልተነሳ ነገር ደግሞ ሺህ ጊዜ ቢያዩት አይታይም። ባሏ ይገዙ የጋራዥ ጓደኞቹን አስከትሎ ደም ለመስጠት መጥቷል፤ እጃቸው ላይ ያለው ግራሶ እንኳ አልለቀቀም። ስንት ሰው ላምጣ ይለኛል፣ እኔም ቢበዛ ይሻላል ከማለት በቀር ምንም አላውቅም። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን በአክብሮት የምናገርበት ቃል የለኝም።

ሆኖም ደንብዎን የማፍረስ ሐሳብ የለንም። ኮይሉ የሚወጣው ለእንግዳ ነውና እንግዳ ጠርተናል። ረቡዕ ጠዋት ከአየር ጤና አንድ የልዑካን ቡድን ይመጣል። የጋራዡ ሰዎች ለሠርግ የሚለብሱትን ሱፍ አስተኩሰዋል፣ የይገዙ እናት አበባ ይይዛሉ፣ የሰፈሩ ዕድርም ተወካይ ልኳል። ማሽኑ ክፍል አይገቡም፤ በመስታወቱ በኩል ቆመው ይጎበኛሉ፣ ማጨብጨብ ካስፈለገም ያጨበጭባሉ። ንግግር እንዲያደርግላቸው አነስን መርጠናል፤ የሚለውም «ይያዙ» እና «ይልቀቁ» ብቻ ነው። የሻይ ግብዣ እንዳይዘጋጅላቸው አደራ እላለሁ። ሻይ ከሌለ የሚሄዱበት የለም፣ እነሱ ካልወጡ ደግሞ በትእዛዝዎ መሠረት ዕቃው አይገባም፤ የርሆቦት የመጨረሻው ምስል እስኪነሳ ከመስታወቱ ንቅንቅ አይሉም። ከእርስዎ የምንለምነው ለአቶ ጉታ ስልክ ደውለው «እንግዳ መጥቷል» እንዲሏቸው ብቻ ነው።

የሥልጠናዎ ፍሬ የበዛ፣ የመመለሻ መንገድዎ የቀና እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለታገሡኝ ትዕግሥትም ሆነ ላልመለሱልኝ መልስ እጅ እየነሣሁ፣ ስለ ኮይሉ ደኅንነት ሲባል የብዙ ሰው ሆድ ሳይታይ በቀረበት ቤት የምሠራ አገልጋይዎ፣

ዶክተር ናዝራዊት
ኮልፌ ቀራንዮ

ማስታወሻ፦ ስልኩን መደወል ካልተመቸዎ አይጨነቁ፤ የሐሙሱ ቀዶ ጥገና እንደሁ አይቀርም። ዶክተር ኢዮስያስ ቢላውን የት ጋ እንደሚያሳርፉ በጣቱ የሚያሳያቸው ሰው ስለሚፈልጉና እኔ ስለማላውቅ፣ በእርስዎ ልክ የቀዶ ጥገና ልብስ አስቀምጠንልዎታል። ርሆቦት ወደ ክፍሉ ስትገባ ዓይኗ ክፍት ነው፤ የምትጠይቀኝን ጥያቄ እርስዎ ይመልሱላታል።